የላስታ ሰማይና የካሜራው ዓይን

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በላሊበላ ከጧቱ 1 ሰዓት ግድም ጨረቃ የፀሐይን ገጽ መሸፈን ጀመረች፤ 2 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ፀሐይ መሐሏ ጠቁሮ ዳር ዳሯ ብቻ የሚያበራ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ሆነች። ቀለበቱ የቆየው አንድ ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ ነው። ከዚያ በአንድ ወገኑ ተቆረጠ፤ ማጭድ መሰለ፤ ማጭዱም ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ሙሉ ሆነች። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛን ያስቀረበት ወቅት ቢሆንም በከተማይቱ ካሜራ የተከሉና የግርዶሽ መነጽር ያጠለቁ ተመልካቾች ነበሩ። የዚያ ጧት ሥዕሎች በዜና አውታሮች አማካይነት ዓለምን ዞሩ።

የቀለበቱ መስመር ከኮንጎ ተነሥቶ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በደቡብ ሱዳን በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ ከወለጋ በጎጃም አድርጎ ላስታን አቋረጠ። ቀጥሎም በኤርትራ ደቡብ፣ በየመን፣ በዐረብ በረሓ፣ በኦማን፣ በፓኪስታን፣ በሰሜን ሕንድና በቻይና አልፎ ታይዋንን ከተሻገረ በኋላ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አበቃ። የመስመሩ ስፋት በእኛ አገር ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ስለ ነበር አዲስ አበባ ከዚያ ውጭ ቀረች። የአዲስ አበባ ሰው ያየው ማጭድ እንጂ ቀለበት አልነበረም።

በዚያ ዕለት ላሊበላ ላይ ካሜራውን የተከለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። የት እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚመለከት፣ በየትኛው ደቂቃ እንደሚቀርጽ አስቀድሞ ያውቃል። ሰማይ ግን እንዲህ ቀጠሮ የሚሰጠው አልፎ አልፎ ነው። ያው ጋዜጠኛ በሌላ ሌሊት ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሲጓዝ ከተራራው አናት በላይ የማያውቀውን ብርሃን ቢያይ፣ ወይም የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች «ተራ ይዘው የሚሄዱ መብራቶች በሰማይ ላይ አየን» ብለው ቢደውሉለት ምን ብሎ ይዘግባል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። መነሻችንን ግን ከግርዶሹ አንለቅም፤ ዓይናችን ምን ማድረግ እንደማይችል ከእርሱ ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያስተምር ክስተት የለምና።

ዓይን የሚለካው ምንድን ነው?

የፀሐይ ዲያሜትር 1 ሚሊዮን 392 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የጨረቃ ደግሞ 3474 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ፀሐይ በስፋት ጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። በርቀትም ቢሆን ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትርቃለች። በዚህ ግጥምጥሞሽ ምክንያት ሁለቱ በዓይናችን ላይ የሚይዙት ማዕዘን እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ናቸው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሸሚዝ ቁልፍም ከዓይናችን 115 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ የሚይዘው ይህንኑ ግማሽ ዲግሪ ነው። ቁልፉ፣ ጨረቃና ፀሐይ ለዓይናችን እኩዮች ናቸው።

ስለዚህ ዓይን የሚያቀብለን ማዕዘንን ብቻ ነው። የአንድን ነገር እውነተኛ ስፋት ለማወቅ ርቀቱን፣ ርቀቱንም ለማወቅ ስፋቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በቤትና በመንገድ ይህ ችግር ሆኖ አይታየንም፤ የበሬን፣ የሰውንና የዛፍን ስፋት ከልጅነት ጀምሮ ስለምናውቅ አእምሯችን ርቀቱን ራሱ ይገምታል። በሌሊት ሰማይ ላይ ግን የሚታወቅ በሬ የለም። «የአውቶቡስ ያህል ነበር፤ ከተራራው በላይ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር» የሚል ምስክር ውሸታም ባይሆንም እንኳ ያላየውን ነገር እየነገረን ነው። ያየው ማዕዘን ነው፤ አውቶቡሱንና ኪሎ ሜትሩን የጨመረው አእምሮው ነው።

ቀለበቱ ራሱ የርቀት ልጅ ነው። የጨረቃ ርቀት ከ356 ሺህ እስከ 407 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ይለዋወጣል። ስትቀርብ ፀሐይን ጨርሳ ትሸፍናለች፤ ስትርቅ ደግሞ ዳሯን ታስተርፋለች። በ2012ቱ ግርዶሽ በላሊበላ ጨረቃ የሸፈነችው ከፀሐይ ዲያሜትር 98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሲሆን ይህም ከገጿ ስፋት 97 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ቀለበቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አለመሆኑ ነው። መስመሩ በጀመረበት በኮንጎ፣ ፀሐይ ከአድማስ ገና ብቅ ስትል፣ ቀለበቱ 1 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ቆየ። በሕንድና በቲቤት አዋሳኝ ፀሐይ ወደ አናት በወጣችበት ስፍራ ግን ጠብቦ 38 ሴኮንድ ብቻ ሆነ። ጨረቃ በአናቱ ላይ ያለችለት ሰው በአድማሱ ላይ ከምትታየው ሰው ይልቅ እስከ 6400 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም እስከ መሬት ራዲየስ ድረስ፣ ይቀርባታል። በመሬት ክብነት ምክንያት የመጣች ይህች ትንሽ ልዩነት የቀለበቱን ውፍረት ለመለወጥ በቅታለች።

ፀሐይ 97 በመቶ ከተሸፈነች ላሊበላ ጨለመች ማለት ነውን? አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚዘግብ ሰው ሒሳቡን አልሠራም። የፀሐይ ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን 400 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። የቀረው 3 በመቶ ከዚህ ላይ ሲሰላ የ12 ሺህ ሙሉ ጨረቃዎች ብርሃን ነው። እንዲያ ባለ ጊዜ ብርሃኑ ደብዘዝ፣ ጥላውም ሰላ ይላል እንጂ ሌሊት አይሆንም። ለዚህም ነው ቀለበታዊ ግርዶሽ ከሙሉው ይልቅ ለዓይን የሚያሰጋው። ቀለበቱ በሚታይበት በዚያች አንድ ደቂቃ እንኳ ያለ ማጣሪያ ቀና ብሎ ማየት ሬቲናን ያቃጥላል፤ ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚሰማ ነርቭ ስለሌለው ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የራጅ ፊልም፣ ጥቁር የፀሐይ መነጽርና በጥላሸት የጠቆረ መስታወት ለዚህ አያገለግሉም። የሚያገለግለው ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ነው።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ መንገድም አለ። ወንፊት ይዞ ፀሐይን ወደ ኋላ ሰጥቶ መቆም ነው። እያንዳንዷ የወንፊት ቀዳዳ እንደ ሌንስ አልባ ካሜራ ሆና የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ትጥላለች፤ ግርዶሽ በሚሆንበት ጊዜ ታዲያ መሬቱ በመቶ በሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች ይሞላል። በወይራና በጽድ ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው ብርሃንም እንዲሁ ያደርጋል። ስለ ሰማይ የሚዘግብ የቴሌቪዥን ባለሙያ ሁሉ ካሜራውን ወደ ላይ ሲያነሣ ከዛፉ ሥር ያለውን ትዕይንት እንዳያመልጠው እንመክራለን።

ስለ ቀጠሮው ጥቂት እንጨምር። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምትወለድበት ዕለት፣ በመሬትና በፀሐይ መካከል ስትገባ ብቻ ነው። ይህን ያህሉን ለማወቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በአበቅቴና በመጥቅዕ እየቆጠሩ የጨረቃን ዕድሜ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው፤ ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም የፀሐይንና የጨረቃን መውጫ በሮች የሚዘረዝር ሰፊ ክፍል አለው። የጨረቃ ምሕዋር ወደ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ በየወሩ ግርዶሽ አይሆንም። ሆኖም «በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ፀሐይ ተጋረደች» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ወሬው ከመጣራቱ በፊት መውደቁን ከደብሩ የባሕረ ሐሳብ መምህር መረዳት ይቻላል።

አንድ ጋዜጠኛና አንድ ፊልም

አሁን ወደ ቀጠሮ አልባው ትዕይንት እንለፍ። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ስሙ ከሚነሣው አጋጣሚ አንዱ የደረሰው በቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 በኒውዚላንድ ካይኩራ በተባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች እንግዳ መብራቶችን ማየታቸውን ተናገሩ፤ የራዳር ሠራተኞችም በመሣሪያቸው ላይ ምልክት አይተዋል ተባለ። በሜልበርን ከተማ የሚገኝ የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ባልደረባ የሆነው ክዌንቲን ፎጋርቲ በዚያን ጊዜ ኒውዚላንድ ውስጥ ለዕረፍት ላይ ነበር። ጣቢያው ታሪኩን እንዲሠራ ጠየቀው። ፎጋርቲም ከፊልም ቀራጮች ጋር አርጎሲ በተባለ የጭነት አውሮፕላን ተሳፍሮ በታኅሣሥ 30 ለ31 አጥቢያ በዚያው መስመር በረረ። መብራቶቹን አየ፤ ቀራጩም በፊልም አስቀራቸው። ፊልሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ አገሮች ቴሌቪዥን ታየ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ ትምህርት ነው። የኒውዚላንድ አየር ኃይል ጉዳዩን መረመረ። አንዳንዶች ብርሃኑ ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ለማጥመድ ኃይለኛ መብራት የሚያበሩ ጀልባዎች ነው አሉ፤ ሌሎች ቬነስ የተባለችውን ፈለክ ጠቀሱ፤ የራዳሩን ምልክት ደግሞ የአየር ንብርብሮች የራዳርን ሞገድ በማጠፋቸው የመጣ ነው አሉ። አሜሪካዊው የኦፕቲክስ ሊቅ ብሩስ ማካቢ በበኩሉ ፊልሙን መርምሮ እነዚህ ማብራሪያዎች አይበቁም ሲል ተከራከረ። የኒውዚላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 መዛግብቱን ለሕዝብ ሲለቅ እንኳ ክርክሩ አልተዘጋም።

ምስክሮቹ የታወቁና የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ፊልምም አለ። ይህ ሁሉ እያለ ነገሩ ያልተቋጨው ለምንድን ነው? እኛ ዋነኛ ነው የምንለው ምክንያት ቀደም ሲል ያነሣነው ነው፤ ፊልሙ የብርሃኑን ማዕዘን እንጂ ርቀቱን አልያዘም። ቅርብ ከሆነ ብርሃኑ ትንሽ፣ ሩቅ ከሆነ ደግሞ እጅግ ኃይለኛ መሆን አለበት። ርቀቱ ሳይታወቅ ስለ ምንነቱ መከራከር እስከ ዘመን ፍጻሜ ሊቀጥል ይችላል። ካሜራ ሌላ ዓይን ነው እንጂ ሜትር አይደለም።

ላሊበላና ሰቆጣ

ርቀትን የሚሰጠው ሁለተኛው ተመልካች ነው። የላስታና የዋግ መልክዓ ምድር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሰቆጣ ከላሊበላ በስተሰሜን ስትሆን በመካከላቸው በአየር መስመር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

እንግዲህ አንድ ብርሃን በሰቆጣ ተመልካች ትክክለኛ አናት ላይ ታየ እንበል። በዚያው ቅጽበት የላሊበላው ተመልካች ወደ ሰሜን ዞሮ ስንት ዲግሪ ከፍ ብሎ ያየዋል? 45 ዲግሪ ካገኘው ሦስት ማዕዘኑ እኩል ጎኖች ያሉት ቀጥ ማዕዘን ስለሆነ የብርሃኑ ከፍታ ከመሠረቱ ጋር እኩል ነው፤ 65 ኪሎ ሜትር። ይህ ትላልቅ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚነዱበት ከፍታ ነው። የላሊበላው ተመልካች 83 ዲግሪ ካገኘ ደግሞ ከፍታው ወደ 550 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሳተላይት ነው። ሁለቱም ከሞላ ጎደል በአናታቸው ላይ ካዩት፣ ልዩነቱም ከአንድ ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ብርሃኑ ኮከብ ወይም ፈለክ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከሆነ ከላሊበላ 9 ዲግሪ ላይ ስለሚሆን ምናልባት ተራራው ይጋርደዋል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ከሆነ ግን ከላሊበላ ፈጽሞ አይታይም። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ሰዓቶችና የሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪ ያላቸው ተማሪዎች ለፎጋርቲ ፊልም የጎደለውን ሊሞሉ ይችላሉ።

ማዕዘኑን ለመለካት መሣሪያ ባይኖርም እጅ አለ። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የተጨበጠ እጅ ስፋት 10 ዲግሪ፣ የትንሿ ጣት 1 ዲግሪ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ስንዝር 20 ዲግሪ ገደማ ነው። እጅ ከሰው ሰው ስለሚለያይ እያንዳንዱ ሰው እጁን ማመሳከር ይኖርበታል። በላሊበላ ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ ከተማይቱ 12 ዲግሪ ሰሜን ላቲትዩድ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። አንድ ጭብጥና ሁለት ትናንሽ ጣቶች መሆናቸው ነው። በእጅ የሚለካው ጥቂት ዲግሪዎችን ስለሚስት 83ን ከ90 ለመለየት አያስተማምንም፤ ብርሃኑ በየትኞቹ ኮከቦች መካከል እንዳለፈ ማስታወስ ከጭብጡ የተሻለ ነው።

በላስታ ሰማይ ምን ምን ይታያል?

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በላያችን ያለው አየርና የውኃ ተን ሲሳሳ ኮከቦች ይበልጥ ይደምቃሉ። የሰሜኑን ኮከብ የሚያየው ተመልካች በዚያው ስፍራ ሆኖ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀልን ማየቱም የኢትዮጵያ ደጋ የታደለው ጸጋ ነው። በእንጦጦ 3200 ሜትር ላይ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ከተተከሉ በኋላ ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ ተራሮች የታሰቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአዲስ አበባ መብራት እንጦጦ ድረስ እየወጣ ሰማዩን ያደበዝዛልና።

እንግዲህ ጥርት ያለ ሰማይ ብዙ ያሳያል፤ ብዙ የሚያሳይ ሰማይም ብዙ ያሳስታል። ከሁሉ በላይ የምታሳስተው ቬነስ ናት። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማይ እንደ እርሷ በዘወትር የሚደምቅ የለም። ከተራራ ጫፍ አጠገብ ስትሆን ብርሃኗ በወፍራሙ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ ቀይና አረንጓዴም ይመስላል። ከጋሸና በሚመጣው መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ብርሃኑ «እየተከተለን ነው» ይላል። እውነትም ይመስላል። ዛፉና ገደሉ ወደ ኋላ ሲሸሹ እርሷ አትሸሽም፤ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ስልሳ ኪሎ ሜትር መጓዝ አቅጣጫዋን አይለውጠውምና። መኪናውን ማቆምና ብርሃኑን ከአንድ ምሰሶ ወይም ከጣራ ማዕዘን ጋር አስተካክሎ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ሰማይ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይዞራልና ብርሃኑ ከሌሎቹ ኮከቦች ጋር እኩል ዝቅ ካለ ምሥጢሩ ተፈታ። ምሰሶው ለሌላም ይጠቅማል። በጨለማ ውስጥ አንድ ብርሃን ብቻ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ብርሃኑ ሳይንቀሳቀስ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል፤ ይህ የዓይን ጠባይ ነው።

ተራ ይዘው የሚሄዱት መብራቶች ሌላ ነገር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ስታርሊንክ የተባሉት ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ በደርዘን እየሆኑ ሲመጥቁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ዶቃ ተሰካክተው ይታያሉ። የሚታዩት ከምሽቱ መጀመሪያ ወይም ከንጋት በፊት ነው፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እነርሱ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ገና ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ነው። ብልጭ ድርግም አይሉም፤ ወደ መሬት ጥላ ሲገቡ ግን በመንገድ ላይ እንዳሉ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ይህ መጥፋት ነው ብዙ ተመልካችን የሚያስደነግጠው።

የሚነድ ነገር ሲታይ መቁጠር ይገባል። ተወርዋሪ ኮከብ ወደ አየራችን የሚገባው በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነውና ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሴኮንድ በታች አልቆ ይጠፋል። ከምሕዋር የሚወድቅ የሮኬት ወይም የሳተላይት ስባሪ ግን በሴኮንድ ከ8 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥ በዝግታ፣ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ፣ እየተቆራረሰ ሰማዩን ያቋርጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. መግቢያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደ ያለፈ ነገር ታይቶ ብዙዎች በስልካቸው ቀርጸውት ነበር፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም የሕዋ ስባሪ ወይም ተወርዋሪ አለት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2024፣ በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በተባለ መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ወድቆ የአገሪቱ የሕዋ ተቋም የሮኬት አካል መሆኑን አስታውቋል። ወድቆ የተገኘን ነገር ማንም እንዳይነካውና እንዳይሰበስበው ማሳሰብ የዘጋቢው ድርሻ ነው።

በቀን የሚታዩም አሉ። በፀሐይ ዙሪያ በ22 ዲግሪ ርቀት፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት፣ የሚታየው ቀስተ ደመና መሰል ቀለበት ከከፍተኛ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃንን ሲያጥፉት የሚፈጠር ነው። ከ2012ቱ ቀለበት ጋር እንዳይምታታ፤ ያ ግማሽ ዲግሪ፣ ይህ ደግሞ ዳር እስከ ዳር 44 ዲግሪ ነው። በክረምት ደግሞ በገደል አፋፍ የቆመ እረኛ ፀሐይ ከኋላው ሆና ጉም ከበታቹ ቢተኛ የራሱን ጥላ በጉሙ ላይ ገዝፎ፣ በራሱም ዙሪያ ባለ ቀለም ክቦች ሠርቶ ሊያየው ይችላል። ከአጠገቡ የቆመ ጓደኛው ክቦቹን የሚያየው በገዛ ራሱ ጥላ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ቢጣሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ካሜራው ሲዋሽ

የቴሌቪዥን ባለሙያ በተለይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጨለማ ውስጥ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ሌንስ በነጥብ ብርሃን ላይ ማተኮር ያቅተዋል። ከትኩረት የወጣች ኮከብ በምስሉ ላይ ሰፊ ክብ ትሆናለች፤ የሌንሱ መዝጊያ ስድስት ምላሶች ካሉት ደግሞ ክቡ ስድስት ማዕዘን ይይዛል። ተመልካቹ «ባለ ስድስት ጎን ነገር» አየሁ የሚለው የካሜራውን የውስጥ አካል አይቶ ነው። የስልክ ካሜራ ሲጎላ ይህ ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትኩረቱን በእጅ ወደ ሩቅ ማድረግ፣ ካሜራውን በእግር ላይ ማቆም፣ ከሁሉም በላይ የተራራውን ጫፍ ወይም የቤቱን ጣራ በምስሉ ውስጥ ማስገባት። ጥቁር ሰማይና አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ያለበት ፊልም ቢያምርም ምንም አይመሰክርም።

ይህን ሁሉ የምንለው ለሳይንስ ንጽሕና ብቻ አይደለም። ላሊበላና አካባቢዋ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያዩ፣ ከዚያም በኋላ ግጭት ያልራቃቸው ናቸው። እንዲህ ባለ አገር በሌሊት ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ለሕዝቡ መደነቂያ ሳይሆን መሸሻ ሊሆን ይችላል። «ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል» ብሎ ያልተጣራ ነገር ማሰራጨት እናት ልጆቿን ይዛ በጨለማ ወደ ገደል እንድትወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ አደገኛ የሆነውን ነገር «ኮከብ ነው» ብሎ ማቃለል የባሰ ነው። ጋዜጠኛው ሊል የሚገባው ያየውን ነው፤ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ጭብጥ ከአድማስ በላይ፣ ለስንት ሴኮንድ፣ ድምፅ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ከሌላ ስፍራስ ማን አየው? ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈና «20:00» ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ቅጽበት መመዝገባቸውን አንባቢ ማወቅ አለበት። የሳተላይት ማለፊያ ሰንጠረዦች የሚጻፉት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ ከእኛ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል፤ በዚህ ብቻ የተሳሳተ መዝገብ የተሳሳተ ሳተላይት ላይ ያደርሳል።

ለልምምድ የሚሆን ቀጠሮ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ነሐሴ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.) ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር፣ በቀይ ባሕር፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ላይ ያልፋል። መስመሩ ኢትዮጵያን ባይነካም ከላስታ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በከፊል ተጋርዳ ትታያለች። ወሩ ሐምሌ ነውና ደመናው ማስፈራቱ አይቀርም። ስለዚህ የላሊበላ፣ የሰቆጣና የወልድያ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ሰዓታቸውን አስተካክለው፣ ወንፊታቸውን ይዘው ቢወጡ ከሦስቱ በአንደኛው ስፍራ እንኳ ሰማይ ሊከፈት ይችላል። ማጭዱ በመሬት ላይ ሲወድቅ በነጭ ወረቀት ላይ በየአምስት ደቂቃው በእርሳስ ይከተሉት፤ ከጎኑም ሰዓቱን ይጻፉ። በሦስቱ ከተሞች ማጭዱ እኩል እንደማይወፍር ሲያነጻጽሩ ያገኙታል።